የጀዊሪያ ተቀባዮች

ሰኔ 21፣ 2017

ጀዊሪያ ዛሬ ጠዋት ዋጃ፣ ወንድሟ ታሂር ዘንድ ለጥየቃ ሄደች። የስፌት መኪናዋን፣ ጋቢዎቿንና እንቁላል ጣይዋን ዶሮ ይዛለች። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ነው የሄደችው፤ ቦታ ስለጠበበ ዶሮዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። መቼ ትመለሻለሽ አልኳት። አልመለሰችልኝም። ደግሜ ጠየቅኋት። ባለ ባጃጁ «ጋሼ፣ እንሂድ?» አለኝ እንጂ እሷ ቃል አልተነፈሰችም።

ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። ከዓመት ወዲህ እኔ ስናገር አትሰማም። የካቲት ላይ ጆሮዋን እንዲያዩልኝ ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ነርሷ በመብራት አየቻት፤ ከኋላዋ ቆማ በሹክሹክታ ስትጠራት ጀዊሪያ ወዲያው ዞረች። «የእናታችን ጆሮ ከእኔም ይሻላል» አለች ነርሷ። እኔም ስለ ጆሮ አሠራር የማውቀውን ለነርሷ አስረዳኋት፤ ወረፋ የያዘው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ። ስንወጣ ለጓደኛዋ «ምስኪን እናት» ስትል ሰማሁ። ጆሮዋ ደህና ከሆነ ምስኪን የሚያሰኛት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሰኔ 24

ልጄ ሰልዋ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ አሁን የሁለተኛ ዲግሪዋን የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈች ነው። ቤቱ አሁን ፀጥ ስለሚል እዚህ ልጨርሰው ብዬ ነው አለችኝ። የእናቷን መሄድ እኔ ሳልነግራት ታውቃለች። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።

ጽሑፉ ስለምንድን ነው አልኳት። ስለ አእምሮ ተቀባዮች ነው አለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ለይቼ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስተምረኝ ከልጆች መጽሐፍና ከሬድዮ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ አእምሮ የራሴ አቋም አለኝ። ነገርኳት። እራቱ እስኪበርድ ድረስ ሰማችኝ። ከእናቷ ትሻላለች።

ሰኔ 27

ዛሬ ሰልዋን አስቀምጬ ሥራሽን ከሥር መሠረቱ አስረጅኝ አልኳት። ስታስረዳ ብዙ ቦታ አርሜያታለሁ። ቢሆንም ነገሩ ገብቶኛል፤ እንዳይጠፋኝ እጽፈዋለሁ።

አንዱ ነርቭ ለሌላው ነርቭ መልእክት የሚልከው በኬሚካል ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ነርቭ ቆዳው ላይ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። ኬሚካሉ እነሱ ላይ ሲያርፍ ነርቩ ሰማ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ በሬድዮም ተነግሯል። አዲሱ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ተቀባዩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። መልእክቱ ሳያቋርጥ ከመጣበት ሴሉ ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮቲን ተነስቶ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ነገር ይለጥፍበታል። ፎስፌቷ ምልክት ናት። ምልክቷን ያየ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ መጥቶ ተቀባዩን ይሸፍነዋል፤ ከዚያም ተቀባዩ ተጎትቶ ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል። መልእክተኛው ውጭ ቆሞ ይጮሃል፣ በሩ ላይ ግን ሰው የለም።

«ነርቩ እኮ አልታመመም» አለችኝ ሰልዋ። «ራሱን እየተከላከለ ነው።»

ለእኔ ይህ የጎርፍ ጠለፋ ነው። የዚህ ቀበሌ የውሃ አባት እኔ ነኝ። ክረምት ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ሲወርድ ገበሬውን ጠርቼ፣ በድንጋይና በእሾህ አስጠልፌ፣ ለየማሳው በተራ የማካፍለው እኔ ነኝ። ማሳ አፍ አለው። ውሃ ሲያንሰው አፉ ይከፈታል፤ ሲበዛበት ባለቤቱ ራሱ ድንጋይ ደርድሮ ይዘጋዋል፣ አለበለዚያ ማሽላው ተጠርጎ ይሄዳል። ፎስፌት እንግዲህ ድንጋይዋ ናት። ሰልዋ ምሳሌው ጥሩ ነው አለች። ጽሑፉ ውስጥ አስገቢው፣ ስሜንም ጥቀሺ አልኳት።

ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ። ያችው ፎስፌት ሌላ ተቀባይ ላይ፣ ወይም በሌላ በኩል ብትለጠፍ፣ መዝጋቷ ቀርቶ እንዲያውም ታበረታዋለች ትላለች። አንድ ድንጋይ ወይ ይዘጋል ወይ ይከፍታል። ሳይንስ አቋም ይጎድለዋል።

ከተኛሁ በኋላ ተነስቼ ይህን እጨምራለሁ። የጀዊሪያ ጆሮ ጤነኛ ነው። የዶሮዋን ድምፅ ትሰማለች፣ አዛን ትሰማለች፣ ጎረቤት በአጥር ሲጠራት ትሰማለች። የማትሰማው እኔን ብቻ ነው። እንግዲህ በሽታው ታወቀ። የእኔን ድምፅ የሚቀበሉት ተቀባዮቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ሰኔ 29

ምክንያቱንም አገኘሁት። የዘንድሮው ዳፕ ማዳበሪያ የተቀመጠው አልጋችን ሥር ነው። ጆንያው ላይ ፎስፌት እንዳለው ተጽፏል። ጀዊሪያ የምትተኛው ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ጆንያዎቹን ጎትቼ አውጥቼ ደጅ ከአጥሩ ሥር ደረደርኳቸው። ወገቤን አመመኝ። ለእሷ ስል ነው።

ሐምሌ 1

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ማዳበሪያው ሟሟ።

ሰልዋ ወጥታ አየችና ሳቀች። ቆይታ ደግሞ መሳቋን ተወች። የሰው ገላ ፎስፌት የሚያገኘው ከሚበላው ነው፣ ሴሉም የራሱን ነው የሚለጥፈው፣ ጆንያ ከአልጋ ሥር ሆኖ አእምሮ ውስጥ አይገባም ብላ አስረዳችኝ።

«ታዲያ እናትሽ ላይ ያስለጠፈው ማን ነው?» አልኳት።

ጥያቄው ከበዳት መሰለኝ። ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች።

ሐምሌ 3

ታሂር ጋ ደወልኩ። ጀዊሪያ ደህና ናት፣ የዋጃ ሴት ሁሉ የልጆቹን ዩኒፎርም እሷ ዘንድ እያሰፋ ነው አለኝ። ስልኩን ስጣት አልኩት። ከወዲያ ሆና «ደህና ነኝ በለው» ስትል ተሰማኝ። ድምፅዋ ጥሩ ነው። ከሰዓት ደግሜ ደወልኩ። ከመግሪብ በኋላም ደወልኩ። ያኔ ታሂር ተቆጣ።

«ስማ ሙዓዊያ፣ ትመለሳለች ብለህ አትጠብቅ። ቤቴ ይበቃታል። ወንድሟ ሆኜ ተመለሽ ብዬ አልገፋትም።»

ለጥየቃ የሄደች ሴት ላይ እንዲህ ይባላል? ወላሂ ሰው ክፉ ሆኗል።

ሰልዋን ጠየቅኋት፤ የገባ ተቀባይ ይመለሳል ወይ? ፀጥታ ካገኘ ይመለሳል አለችኝ። ፎስፌቱን የሚነቅል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ሲነቅለው ተቀባዩ ወደ ቆዳው ይወጣል። ጎርፉ ካልቆመስ አልኳት። ያኔ ሴሉ ተቀባዩን አፍርሶ ይጥለዋል አለች።

ስንት ዓመት ሲሆን ነው የሚፈርሰው አልኳት። በባልና ሚስት እንዲህ አይለካም አባዬ አለችኝ። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ በሚፈለግበት ቦታ ሲደርስ አይለካም ይላል።

ፈርሶ ከሆነስ?

ሐምሌ 4

ወሰንኩ። ጀዊሪያ ዘንድ አልደውልም። በቤቴም ዝም እላለሁ፤ ዝምታ ሥልጠና ይፈልጋል። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጅ ለነበሩት ሰዎች ስለ ዝምታዬ አስረዳኋቸው። ተቀባይን፣ ፎስፌትን፣ የጎርፉንም ምሳሌ ጨምሬ ነገርኳቸው። ሐሳቡ ከባድ ስለሆነባቸው አንድ በአንድ ሄዱ። መጨረሻ ላይ የቀረው ጫማው የጠፋበት ሰው ነው።

ሐምሌ 14

ጎርፍ። በችኮላ ነው የምጽፈው። ገላዬ ሁሉ ጭቃ። ጉብታው ላይ ቆሜ ተጣራሁ። ዝምታው ለቤት ነው፣ ጎርፍን አይመለከትም። ማንም አልመጣም።

ማታ። ልብሴን ቀይሬ ልጻፈው። በዚህ ሜዳ የእኔን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ በደህና ቀን እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ውሃው እየመጣ፣ እኔ እየተጣራሁ፣ ሰዉ ከየቤቱ ደጃፍ ቆሞ ያየኛል። በኋላ ገዛኸኝ መጣ። ገዛኸኝ የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ ነው፣ ማሳው ከእኔ ማሳ ይዋሰናል፣ ጺሙ ገና መብቀሉ ነው። ውሃውን አየና ስልኩን አውጥቶ ለአንዱ ደወለ። ያ ለሌላው ደወለ። ሜዳው ባካፋ ሞላ። የላይኛው ማሳዎች ግን አምልጧቸዋል፤ ውሃው ቀድሞን ሄዷል።

ድንጋይ ስናቀብል አንዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት።

«ጋሽ ሙዓዊያ እኮ ለደመናም ይጣራሉ። ባለፈው ለአቧራ ጠርተውናል።»

አቧራው ከሩቅ ጎርፍ ይመስል ነበር። ሰው መጠንቀቁ ነውር ሆኖ?

ለሰልዋ ምርመራዬን ነገርኳት፤ ቀበሌው በሙሉ ፎስፌት ተለጥፎበታል። ወረርሽኝ ነው። ሳል ይዟት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሐምሌ 20

የውሃ ስብሰባ። ከእንግዲህ ጥሪው በገዛኸኝ ስልክ ይሁን፣ እኔ ማካፈሉን ልያዝ ተባለ። ጥሪውን በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ። እጅ ይውጣ ሲባል የእኔ እጅ ከሁሉ በኋላ ነው የወጣው፤ ትከሻዬን ስለሚያመኝ ነው።

ገዛኸኝ ሲሸኘኝ «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ቢጠሩ እኮ ሁላችንም እንመጣ ነበር» አለኝ። አንዴ ብቻ ጠርቶ የሚቀመጥ የውሃ አባት የት አገር እንዳየ አላውቅም።

ሐምሌ 26

ዝምታ ቀላል ሥራ አይደለም። ሬድዮው ስለ ዝናብ መጠን ተሳስቶ ተናገረ፤ አላረምኩትም። ጎረቤት በሬውን በተሳሳተ በኩል ጠመደ፤ ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። ሰልዋ ወጡን በርበሬ ሞላችው፤ እንባዬ እየወረደ በላሁ።

እራት ላይ እኔ ዝም ስል እሷ ማውራት ጀመረች። ያልጠበቅሁት ነገር ነው። አማካሪዋ ጽሑፏን መልሶባት እንደነበር፣ ትምህርቱን ልትተወው አስባ ሻንጣዋን ሁሉ እንዳዘጋጀች፣ እናቷ በስልክ እንዳጽናናቻት ነገረችኝ። መቼ ነው ይህ የሆነው አልኳት።

«አምና ነዋ። ያኔ ነግሬህ ነበር እኮ አባዬ፤ አንተ ስለ አማካሪዎች አስረዳኸኝ።»

አልነገረችኝም። ቢነገረኝ አስታውሰው ነበር።

ሐምሌ 29

ፈርሶ ከሆነ ግን ምን ይደረጋል? ሰልዋ የፈረሰው ቢፈርስም ሴሉ አዲስ ይሠራል ትላለች። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሠራል። ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ተናግሬ ጨርሼ አላውቅም አለች።

ነሐሴ 3

ዋጃ ነኝ። በሚኒባስ መጣሁ። ሰልዋ ስትሸኘኝ አንድ ነገር አስማለችኝ፤ ለእናቷ ስለ ተቀባይ እንዳላስረዳ። ማልኩላት።

ጀዊሪያ የታሂር በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች። ሴቶች ከበዋታል። ከበሩ ውጭ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁ፤ የሆነ ነገር እያወራች ነበር፣ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስገባ መኪናው ቆመ። ሴቶቹም የረሱት ጉዳይ ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ተነስተው ሄዱ።

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ተቀመጥኩ። ዝም አልኩ።

ታሂር ለክርክር ተዘጋጅቶ ኖሯል፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርቶ አስቀመጠ። እኔ እስክጀምር ጠበቁ። አልጀመርኩም። ሻይ ጠጡ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። መጨረሻ ላይ በከንቱ ስለደከሙ ቅር ብሏቸው ወጡ።

ጀዊሪያ ክሩን እየቋጠረች አየችኝ።

«ታመሃል?»

አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሰው ሞቶ ነው?»

ነቀነቅሁ።

«አንተ ሰው፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ይህ በቂ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበር። መልሱም ተሰናድቶ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። «ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኩና ሌላ ሳልጨምር ዋልኩ። ታሂር ጂን የያዘኝ መስሎት ማታ ሸህ ጠርቶ ቁርዓን አስቀራብኝ። አሚን አልኩ።

ነሐሴ 4

አልሄድኩም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ክር ስትለኝ ክር አቀብላለሁ። ስለ ክሩ ጥራት አንድ ሁለት ነገር የማውቀው አለ። ይቆይ።

ነሐሴ 6

ዛሬ ልጽፈው የሚገባኝ ነገር ሆነ።

ጀዊሪያ እየሰፋች ማውራት ጀመረች፤ ለእኔ ይሁን ለጨርቁ አላውቅም። በሙሽርነቷ ወራት ከጎብዬ ገበያ ስትመለስ ወንዝ እንደሞላባት ታወራለች። ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ። ወንዙን ግን ተሳስታለች፤ የሞላው የታችኛው እንጂ የላይኛው አይደለም። ልቤ አልቻለም። «አይ፣ የላይኛው አልነበረም፤ የላይኛው ወንዝ እኮ ሲሞላ» ብዬ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ አየሁት። ዓይኗ ከእኔ ተነስቶ መርፌው ላይ ወረደ። ፊቷ ላይ ምንም አልቀረም። አልተቆጣችም፣ አልተከፋችም፤ ዝም ብላ ሄደች፣ እዚያው ተቀምጣ። ሰልዋ በማይክሮስኮፕ የምትፈልገውን እኔ በዓይኔ አየሁት። ተቀባይ ወደ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው። ስንት ጊዜ እፊቴ ገብቶ ይሆን?

አፌ ውስጥ ያለውን ሳልጨርስ ቆምኩ። መኪናው ብቻ ይጮሃል። አንድ እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች።

«ጨርስ እንጂ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አንቺ ጨርሺ። ከዚያስ ወዴት ሄድሽ?»

እጇን መዘውሩ ላይ አድርጋ መኪናውን አቆመችው። የቀረውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የኖርኩት። አላውቀውም። ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ውሃው ከቧት አንድ ቋጥኝ ላይ ወጥታ፣ የማታውቃት የአፋር ሴት ቀሚሷን በጥርሷም በእጇም ይዛ አቆየቻት። ቋንቋ አይግባቡም። ሴትዮዋ ውሃው እስኪጎድል ስትዘፍንላት ቆየች። ሲለያዩ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም፤ እስከ ዛሬ በዱዓዋ «ያችን ሴት» እያለች ነው የምትጠራት።

«ቤት ስደርስ ይህን ልነግርህ አፌን ስከፍት፣ ከላይ በኩል መሻገር ነበረብሽ ብለህ አስረዳኸኝ» አለች።

ከላይ በኩል መሻገር ነበረባት። ይህ አሁንም ትክክል ነው።

ግን አላልኩም። የዘፈነችልሽን ታስታውሽዋለሽ ወይ አልኳት። ትንሽ አንጎራጎረችልኝ።

ነሐሴ 8

ጎርፍ መጣ ተብሎ ተደውሎልኝ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቆቦ ተመለስኩ። ነይ አላልኳትም። እመጣለሁም አላለችኝ። «እስቲ ዩኒፎርሙ ይለቅ» አለች፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን ሁሉ አሰብኩበት። ሾፌሩ በተሳሳተ ማርሽ ነበር የሚነዳው።

ነሐሴ 9

ውሃው ተካፈለ። ሰዉ በሙሉ መጥቷል። የላይኛው ማሳዎች ጠጡ። ገዛኸኝ አንዴ ደውሎ ነው አሉ። ደክሞኛል።

ነሐሴ 21

ጀዊሪያ ደወለች። ራሷ። ላሚቱ በላች ወይ አለችኝ። በልታለች አልኩ። ከዚያ ስለ ታሂር ምራት፣ ስለ ዋጃ ሙቀት፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ዓይኗን እንደከበደው አወራች። ስልኬ ባትሪው አልቆ እስኪጠፋ ሰማኋት። ሰልዋ በር ላይ ቆማ የላቦራቶሪ አይጥ እንደሚታይ ታየኛለች።

መልሳ ባትደውልስ? የዘጋሁባት መስሏት ይሆን? ቻርጀሩን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት።

ነሐሴ 22

ደወለች።

መስከረም 9፣ 2018

ጀዊሪያ ከቀትር በኋላ ገባች። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ለምን በዚህ ፀሐይ መጣሽ አላልኳትም።

ከእራት በፊት አወራች፤ እራት ላይ አወራች፤ ዕቃ ስታጥብ ጓዳ ሆና አወራች፤ እኔም ወንበሬን ወደ ጓዳው በር አስጠጋሁ። ዋጃ ቤት ለመከራየት አስባ እንደነበርም ነገረችኝ፤ ቤቱን አይታው ጣራው ጥሩ ነው ብላ ነበር። ቆርቆሮው ስንት ቁጥር ነው ልል አልኩና ተውኩት። ለምን ተውሽው አልኳት። «መጥተህ ስትቀመጥ አይደል» አለችና ሌላ ወሬ ቀጠለች።

እሷ ስትተኛ ሰልዋን ጠርቼ ውጤቱን አሳወቅኋት። ፎስፌቱ ተነቅሏል፣ ተቀባዩ ተመልሷል፣ ሕክምናው የእኔ ነው፣ ጽሑፏ ውስጥ ማስገባት ትችላለች።

«የማን ተቀባይ ነው የተመለሰው አባዬ?»

የእናትሽ ነዋ፣ ሌላ የታመመ ማን አለ አልኳት።

አንድ ነገር ብቻ ሊገባኝ አልቻለም። ጀዊሪያ ዱሮ ወሬኛ አልነበረችም። በዚህ ቤት ስንኖር ስለ ዘፈን፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ሰው ሁሉ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ሰልዋ ግን እማዬ ሁልጊዜ እንዲሁ ናት፣ እኔ ሕፃን ሆኜም እንዲሁ ታወራ ነበር ትላለች። ይህን የሚያስረዳ ነገር ጽሑፏ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ጎደሎ ጥናት ነው፤ ሳታጣሪው እንዳታስረክቢ አልኳት።